ጠዋት ሳይውጡ ደም የሚሰጡት ለምንድን ነው?

የአንባቢያን ጥያቄ፣ የመድኃኒት ባለሙያዎች መልስ

በዚህ ወር የደረሱን ጥያቄዎች የሚያጠነጥኑት በአንድ መድኃኒት ላይ ነው፤ በታክሮሊመስ። ኩላሊት፣ ጉበት ወይም ልብ የተተከለለት ሰው ሰውነቱ አዲሱን አካል እንደ ባዕድ ቆጥሮ እንዳያጠቃው በየቀኑ የሚወስደው ነው። ተመሳሳይ ጥያቄዎችን አንድ ላይ አድርገናቸዋል።

ጥያቄ፦ ኩላሊት ከተተከለልኝ ስምንት ወር ሆነኝ። ጠዋት 2 ማታ 2 ሚሊ ግራም እወስዳለሁ። ባለፈው የምርመራ ቀን ረስቼ የጠዋቱን ውጬ ሄድኩና ውጤቱ 19 ሆነ። ደንግጬ መጠኑ ይቀነስልኝ ስላት ሐኪሟ «ድገሚው» ብቻ አለችኝ።

መልስ፦ ሐኪሟ ልክ ናት። ታክሮሊመስ ከተዋጠ በኋላ ከአንድ እስከ ሦስት ሰዓት ባለው ጊዜ ደም ውስጥ ጣሪያው ላይ ይደርስና ቀስ እያለ ይወርዳል። «ከ5 እስከ 10 ናኖ ግራም በሚሊ ሊትር» ዓይነት ግቦች የወጡት ግን ለወለሉ ነው፤ ማለትም ቀጣዩ መድኃኒት ሊዋጥ ሲል ደም ውስጥ ለሚቀረው መጠን። የእርስዎ 19 የለካው ጣሪያውን ወይም ለጣሪያው የቀረበውን ነው። በዚያ ቁጥር ተመርቶ መጠኑ ቢቀነስ ኖሮ ኩላሊቱ በቂ ጥበቃ ሳያገኝ ይቀር ነበር።

ሰዓቱንም ያስሉት። በቀን ሁለት ጊዜ ለሚወስድ ሰው ደሙ የሚቀዳው ከማታው መድኃኒት 12 ሰዓት ያህል ቆይቶ ነው፤ ማታ 3 ሰዓት ከዋጡ ጠዋት 3 ሰዓት ገደማ ማለት ነው። በቀን አንዴ የሚወሰደው ዓይነት ከሆነ 24 ሰዓት። የጠዋቱን እንክብል ይዘው ይሂዱና ደሙ እንደተቀዳ ይዋጡት፤ ቤት እስኪመለሱ አያቆዩት። ማታ የዋጡበትን ሰዓት ጽፈው ለላብራቶሪው ይስጡ፤ ሰዓት የሌለው ውጤት ግማሽ ውጤት ነው። መጠኑ ሲቀየርም በማግስቱ መለካት ትርጉም የለውም፤ አዲሱ መጠን እስኪረጋ ሁለት ሦስት ቀን ይፈጃል።

አንድ ነገር እንጨምር፤ ብዙ ጊዜ ይዘለላልና። ታክሮሊመስ ደም ውስጥ አብዛኛው የሚቀመጠው ቀይ የደም ሕዋስ ውስጥ ነው። ስለዚህ የሚለካው ከሙሉ ደም እንጂ ሕዋሳቱ ከተለዩለት ፈሳሽ፣ ከፕላዝማ፣ አይደለም፤ ደሙም የሚቀዳው ደም እንዳይረጋ የሚያደርገው ኢዲቲኤ ባለበት፣ ብዙ ጊዜ ሐምራዊ ክዳን ባለው ቱቦ ነው። ደም ማነስ ያለበት ሰው ቁጥሩ ዝቅ ብሎ ሊታይ ይችላል፤ ሥራውን የሚሠራው ነፃው መድኃኒት ግን ላይቀንስ ይችላል። ቁጥሩን ብቻ አይቶ መጠን መጨመር እዚህ ላይ ያሳስታል።

ጥያቄ፦ «የመከላከል አቅምን ያዳክማል» ከማለት በቀር ማንም አላብራራልኝም። በትክክል ምን ያደርጋል?

መልስ፦ ቲ-ሴል የሚባለው ነጭ የደም ሕዋስ ባዕድ ነገር ሲነካ ውስጡ ካልሲየም ይጨምራል፤ ካልሲየሙም ካልሲኒዩሪን የተባለውን ኤንዛይም ያነቃል። ካልሲኒዩሪን ኤንፋት ከሚባል ፕሮቲን ላይ ፎስፌት ይነቅላል። ፎስፌቱ የተነቀለለት ኤንፋት ወደ ሕዋሱ እምብርት፣ ወደ ኒውክለስ፣ ይገባና ኢንተርሊውኪን-2 እንዲመረት ያደርጋል፤ ይህም ለቲ-ሴሎች «ተባዙ» የሚል ጥሪ ነው። ታክሮሊመስ ሕዋሱ ውስጥ ገብቶ ኤፍኬቢፒ-12 ከተባለ ፕሮቲን ጋር ይጣመርና ሁለቱ አብረው ካልሲኒዩሪንን ያስሩታል። ቲ-ሴሉ አይሞትም፤ ጥሪው ነው የሚቋረጠው። መድኃኒቱ ሲቆም ጥቃቱ የሚመለሰውም ለዚህ ነው።

ካልሲኒዩሪን ግን በቲ-ሴል ብቻ የሚገኝ አይደለም። በነርቭ፣ በኩላሊትና ኢንሱሊን በሚያመርቱት የቆሽት ሕዋሳትም አለ። የእጅ መንቀጥቀጥ፣ የደም ግፊት፣ የፖታሲየም መጨመር፣ የማግኒዚየም ማነስና አዲስ የሚጀምር የስኳር በሽታ የታክሮሊመስ የታወቁ ጉዳቶች ናቸው። ሌላው የንቅለ ተከላ መድኃኒት ሳይክሎስፖሪንም ይህንኑ ኤንዛይም ያስራል፤ እሱ ግን ፀጉር ሲያበዛና ድድ ሲያሳብጥ ታክሮሊመስ ፀጉር ያሳሳል። (የታክሮሊመስ ምንጭ እ.ኤ.አ. በ1984 በጃፓን ከፁኩባ አፈር የተገኘ ባክቴሪያ ነው፤ የስሙ መነሻ ድምፅም ከዚያው ይመጣል ይባላል።)

ጥያቄ፦ አብሮኝ የሚታከም ሰው ክብደቱ ከእኔ እኩል ነው። እሱ በቀን 4 ሚሊ ግራም ይበቃዋል፤ እኔ 10 እወስዳለሁ። ተሳስተው ይሆን?

መልስ፦ ላይሳሳቱ ይችላሉ። ከተዋጠው ታክሮሊመስ በአማካይ ሩብ ያህሉ ብቻ ነው ወደ ደም የሚደርሰው፤ ልዩነቱም ከሰው ሰው እጅግ ሰፊ ነው። አንጀት ግድግዳ ላይ ፒ-ግላይኮፕሮቲን የተባለ ፓምፕ መድኃኒቱን መልሶ ወደ አንጀት ይተፋዋል፤ ያለፈውን ደግሞ ሲዋይፒ 3ኤ4 እና 3ኤ5 የተባሉ ኤንዛይሞች በአንጀትና በጉበት ይሰባብሩታል። 3ኤ5 በአንዳንዱ ሰው ይሠራል፣ በሌላው አይሠራም፤ ይህ የሚወረስ ነው። የሚሠራላቸው ሰዎች ከአፍሪካ የዘር ሐረግ ባላቸው ዘንድ ይበዛሉ፤ የሚያስፈልጋቸውም መነሻ መጠን ከተለመደው አንድ ተኩል እስከ ሁለት እጥፍ ነው። ስለዚህ የጓደኛን ሚሊ ግራም ከራስ ጋር ማወዳደር ጥቅም የለውም፤ የሚወዳደረው ከራስ ግብ ጋር የራስ የደም ውጤት ነው።

ጥያቄ፦ ከየትኞቹ መድኃኒቶች ጋር ነው የማይስማማው? ዝርዝሩ ረጅም ስለሆነ መያዝ አቃተኝ።

መልስ፦ ዝርዝሩን ከመሸምደድ መንገዱን መረዳት ይሻላል። አብዛኞቹ የሚነኩት ቅድም የጠቀስነውን 3ኤ ኤንዛይም ነው፤ ወይ ያስሩታል፣ ወይ ያበዙታል።

የሚያስሩት የታክሮሊመስን መጠን ያንሩታል፤ ይህም በቀናት ውስጥ ይታያል። ከፈንገስ መድኃኒቶች ፍሉኮናዞል፣ ኬቶኮናዞልና ቮሪኮናዞል፣ ከአንቲባዮቲክ ክላሪትሮማይሲንና ኤሪትሮማይሲን፣ ከደም ግፊት መድኃኒቶች ዲልቲያዜምና ቬራፓሚል እዚህ ይገባሉ። አዚትሮማይሲን ከክላሪትሮማይሲን ጋር አንድ ቤተሰብ ቢሆንም ጫናው በጣም ያነሰ ነው፤ ሐኪም ብዙ ጊዜ እሱን የሚመርጠውም ለዚህ ነው። ከሁሉም የከፋው የኤችአይቪ መድኃኒቱ ሪቶናቪር ነው፤ ከእሱ ጋር ለወራት የሚታከም ሰው ታክሮሊመሱን በየቀኑ ሳይሆን በሳምንት አንዴ፣ ያውም በጥቂቱ ሊወስድ ይችላል። ግሬፕፍሩት የተባለው የብርቱካን ዘመድ ፍሬ የአንጀቱን ኤንዛይም ከጥቅም ውጪ ስለሚያደርገው ጠዋት የተጠጣው ጭማቂ ማታ ከሚዋጠው እንክብል ጋርም ይጋጫል፤ ሰዓት በመለየት አይመለጥም።

የሚያበዙት ያመነምኑታል፤ የቲቢ መድኃኒቱ ሪፋምፒሲን፣ የሚጥል በሽታ መድኃኒቶቹ ፌኒቶይን፣ ካርባማዜፒንና ፌኖባርቢታል፣ ሴንት ጆንስ ወርት የተባለው ዕፅም ጭምር። እዚህ ላይ ወጥመዱ ጊዜው ነው። ሪፋምፒሲን ሲጀመር ኤንዛይሙ እስኪበዛ አንድ ሁለት ሳምንት ይወስዳል፤ በዚያ መሀል የታክሮሊመስ መጠን ደጋግሞ ይጨመራል። ሕክምናው ሲያልቅ የበዛው ኤንዛይም በሁለት ሳምንት ገደማ ወደ ነበረበት ይመለሳል፤ የተጨመረው መጠን ግን ካልተቀነሰ ያው ነው። ሰው ከቲቢ ድኖ በታክሮሊመስ የሚመረዘው በዚህ ጊዜ ነው። ሪፋምፒሲን ሲጀመርም ሲቆምም ደም ቶሎ ቶሎ መለካት አለበት።

ጥያቄ፦ ለራስ ምታት አይቡፕሮፌን ብወስድስ?

መልስ፦ አይውሰዱ፤ ዳይክሎፌናክም እንዲሁ። ታክሮሊመስ ወደ ኩላሊቱ ማጣሪያ ደም የሚያስገባውን ትንሽ ቧንቧ ያጠባል። ያን ቧንቧ ከፍተው የሚይዙት ፕሮስታግላንዲኖች ናቸው፤ እነዚህ የሕመም ማስታገሻዎች ደግሞ ፕሮስታግላንዲንን ያስቆማሉ። ሁለቱ ሲገጥሙ የኩላሊትን መድከም የሚያሳየው ክሬአቲኒን ደም ውስጥ ይጨምራል። ፓራሲታሞል በተለመደው መጠን ይሻላል።

ጥያቄ፦ ተቅማጥ ይዞኝ ነበር። መድኃኒቱ አብሮ ወጥቷል ብዬ አንድ እንክብል ልጨምር ነበር።

መልስ፦ እንኳን አልጨመሩ። በብዙ መድኃኒቶች የሚሆነው እርስዎ እንዳሰቡት ነው፤ በታክሮሊመስ ግን ተገላቢጦሽ ነው። አንጀት ሲቆጣ ፓምፑም ኤንዛይሙም ይደክማሉ፤ ከበፊቱ የበለጠ መድኃኒት ያልፋል። ተቅማጡ ከአንድ ሁለት ቀን ካለፈ ደም ይለኩ፤ እጅዎ ከወትሮው በላይ ቢንቀጠቀጥ ደግሞ ሳይጠብቁ በዚያው ቀን ይሂዱ።

ጥያቄ፦ ፋርማሲው ሌላ ቀለም ያለው እንክብል ሰጠኝ። ሚሊ ግራሙ አንድ ነው።

መልስ፦ ሳይውጡ ይጠይቁ። በቀን ሁለት ጊዜ የሚወሰደው ተራው እንክብልና በቀን አንዴ የሚወሰደው ቀስ ብሎ የሚለቅቀው፣ ሚሊ ግራማቸው እኩል ቢሆንም አንዱ በሌላው አይተካም። ቀስ ብሎ የሚለቅቀውን በቀን አንዴ ታዝዞለት ጠዋትና ማታ የዋጠ ሰው መጠኑን በእጥፍ ወስዷል ማለት ነው። አምራቹ ብቻ ከተለወጠም ለሐኪምዎ ይንገሩና በቀጣዮቹ ሳምንታት ደም ይለኩ።

ጥያቄ፦ ከምግብ ጋር ነው ወይስ በባዶ ሆድ? አንዱን ረስቼ ባልፍስ?

መልስ፦ ምግብ፣ በተለይ ቅባት የበዛበት፣ ወደ ደም የሚገባውን ይቀንሳል። ከምግብ 1 ሰዓት በፊት ወይም ከ2 እስከ 3 ሰዓት በኋላ መዋጥ ይመከራል። የረሱትን ወዲያው ካስታወሱ ይዋጡት፤ የሚቀጥለው ሰዓት ከተቃረበ ግን ይተዉትና በሰዓቱ ያንኑ የተለመደውን ብቻ ይውሰዱ፤ ሁለቱን አንድ ላይ አይዋጡ። የዘለሉትን ቀን ይጻፉት፤ ቀጣዩ የደም ውጤት ዝቅ ብሎ ከመጣ ሐኪሙ መጀመሪያ የሚጠይቅዎ እሱን ነው።