ሐኪምዎን ይጠይቁ፦ «ልጄ ሐሳቤን የምታነብ ይመስለኛል»

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ እንደምን ሰነበቱ? ግንፍሌ አካባቢ የምኖር፣ የአንዲት የሰባት ዓመት ልጅ እናት ነኝ። ከአምስት ወር በፊት ስምንት ወር የተሸከምኩት ልጅ በሆዴ ሞቶ ተወለደ። ያን ሳምንት ልጄን ስድስት ኪሎ፣ እናቴ ዘንድ ወስደናት ስለነበር ምንም አላየችም። ስትመለስ «ሕፃኑ ሐኪሞች ጋር ይቆያል» አልናት፤ ከዚያ ወዲህ እኔም ባለቤቴም ነገሩን አንስተን አናውቅም። እሷ ፊት አላለቅስም። አሁን ያስጨነቀኝ ሌላ ነገር ነው። አንድ ቀን ማታ ዕቃ እያጠብኩ ስለ ሕፃኑ ሳስብ፣ ከሳሎን ሆና «እማዬ፣ ሕፃኑ ይበርደዋል እንዴ?» አለችኝ። ሌላ ጊዜም ልክ እሱን ሳስታውስ መጥታ እጄን ትይዛለች። አንዲት ጓደኛዬ የልጅ ሴሎች በእናት አንጎል ውስጥ ስለሚቀሩ ሐሳባችሁ ይገናኛል ብላኛለች። ይህ በሕክምና ይታወቃል? ሐሳቤንስ ከእሷ እንዴት ልደብቅ? ለሕፃኑ በልቤ ያወጣሁለት ስም አለ፤ ለማንም አልተናገርኩትም፤ እሱንም የምታውቅብኝ እየመሰለኝ ፈራሁ። — እናት፣ ከአራት ኪሎ

ምላሽ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ከሁሉ አስቀድሞ እግዚአብሔር ያጽናዎት። ይህን ቃል ከማንም ሳይሰሙት ቆይተው ይሆናል ብዬ እገምታለሁ። ሞቶ ለተወለደ ሕፃን በአገራችን ብዙ ጊዜ ድንኳን አይተከልም፣ እድርተኛ አይጠራም፣ ሰልስትና አርባ አይቆጠርም፤ እናቲቱ ጡቷ ወተት እያፈሰሰ፣ «ገና ልጅ ነሽ፣ ትወልጃለሽ» ተብላ ወደ ሥራዋ ትመለሳለች። የዓለም ጤና ድርጅት ከ28ኛው የእርግዝና ሳምንት በኋላ ሞተው የሚወለዱ ሕፃናት በዓመት ወደ 2 ሚሊዮን እንደሚጠጉ ይገምታል፤ ይህን ያህል እናት የሚያለቅስበት ሞት ለቅሶ የማይደረስበት መሆኑ፣ እኔ እስከማየው ድረስ፣ ሐዘኑን ከማቅለል ይልቅ ወደ ውስጥ ይመራዋል።

ወደ ጥያቄዎ ከመግባቴ በፊት ሐኪም እንደመሆኔ ማጣራት ያለብኝ ነገር አለ። ልጄ ስሜቴን ታውቅብኛለች ብሎ መገረም ወይም መፍራት ሕመም አይደለም። ነገር ግን ሐሳብዎ ከራስዎ ወጥቶ ለጎረቤት፣ ለመንገደኛ ወይም በቴሌቪዥን ለሚናገር ሰው ጭምር የሚሰማ መስሎ ከታየዎት፣ ሌላው የማይሰማውን ድምፅ ከሰሙ፣ ሌሊቱን ሳይተኙ አድረው ድካም ካልተሰማዎት፣ ወይም ራስዎን አልያም ልጅዎን የመጉዳት ሐሳብ ከመጣብዎት፣ ቀጠሮ ሳይጠብቁ በዚያው ቀን በቅርብዎ ወዳለ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ወይም ወደ አማኑኤል የአእምሮ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል ከቤተሰብ ጋር ይሂዱ። ከወሊድ በኋላ የሚመጣው እንዲህ ያለ ከባድ የአእምሮ ሕመም አብዛኛውን ጊዜ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት የሚታይ ቢሆንም፣ ከከባድ ድብርት ጋር ዘግይቶም ሊከሰት ይችላል። ከደብዳቤዎ እንደተረዳሁት ይህ የእርስዎ ሁኔታ አይመስለኝም።

አንድ ሰው ያለ ድምፅ፣ ያለ ገጽታና ያለ ምልክት የሌላውን ሐሳብ ሊያውቅ እንደሚችል የሚያሳይ፣ በተለያዩ ተመራማሪዎች እየተደጋገመ የጸና ማስረጃ እስከ ዛሬ የለም። ጓደኛዎ የነገረችዎት ግማሹ እውነት ነው። በእርግዝና ወቅት የፅንሱ ሴሎች በእንግዴ ልጁ በኩል ወደ እናቲቱ ደም ይሻገራሉ፤ ከእነዚህም ጥቂቶቹ ለአሥርተ ዓመታት በሰውነቷ ውስጥ ይቆያሉ፤ እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ አንድ ጥናትም በሟች ሴቶች አንጎል ውስጥ ከወንድ ፅንስ የመጣ የሚመስል ዲኤንኤ ማግኘቱን ዘግቧል። እንግዲህ የሁለቱም ልጆችዎ ሴሎች በሰውነትዎ ውስጥ ሊኖሩ ይችላሉ ማለት ነው። ይህን መስማት አንዳንዷን እናት ያጽናናል፣ ሌላዋን ያሳምማል። ይሁን እንጂ ሴሎቹ ሐሳብን ከአንዱ ራስ ወደ ሌላው የሚያደርሱበት መንገድ የለም።

ይህን ጥያቄ በሕክምና ታሪክ ውስጥ አጥብቀው ከጠየቁት አንዱ ሐንስ በርገር የተባለ ጀርመናዊ የሥነ አእምሮ ሐኪም ነው። በርገር በወጣትነቱ ወታደራዊ አገልግሎት ላይ ሳለ ከፈረስ ወድቆ ለጥቂት ከሞት ተረፈ፤ በዚያው ዕለት ሩቅ ያለችው እህቱ አንድ አደጋ እንደደረሰበት ተሰምቷት ኖሮ፣ ደኅንነቱን የሚጠይቅ ቴሌግራም ከአባቱ ደረሰው። ድንጋጤው ከራሱ ወጥቶ ወደ እህቱ እንደተጓዘ በማመን ዕድሜውን ይህን ኃይል ሲፈልግ ኖረ፤ በ1924 እ.ኤ.አ. የሰውን አንጎል የኤሌክትሪክ ሞገድ ለመጀመሪያ ጊዜ መዘገበ፣ በ1929 አሳተመው። የፈለገውን አላገኘም፤ ያገኘው ግን ዛሬ የሚጥል በሽታን ለመመርመር የምናዘው፣ ኢኢጂ የተባለው የአንጎል ሞገድ ምርመራ ነው። በእሱ የሚለካው ሞገድ በቮልት ሚሊዮንኛ የሚቆጠር ደካማ ኃይል በመሆኑ የራስ ቆዳ ላይ ሽቦ ለጥፈን፣ በመሣሪያ አጉልተን እንኳ የምናገኘው የሞገድ መስመር እንጂ ሐሳብ አይደለም። በ2023 እ.ኤ.አ. አሜሪካውያን ተመራማሪዎች አንድ ሰው የሚሰማውን ታሪክ ይዘት ከአንጎሉ የኤምአርአይ ምስል በከፊል ለመገመት ችለዋል፤ ለዚህም እያንዳንዱ ተሳታፊ ለ16 ሰዓታት ያህል በመሣሪያው ውስጥ መተኛት ነበረበት፤ ሆን ብሎ ሌላ ነገር ሲያስብም መሣሪያው ይሳሳት ነበር። ስለዚህ በልብዎ ያወጡትን ስም ልጅዎ አታውቀውም፤ እርስዎ ካልተናገሩት በቀር ልታውቀው የምትችልበት መንገድም የለም።

ታዲያ እጅዎን የምትይዘው እንዴት አውቃ ነው? አንደኛው ምክንያት ቀላል ነው፦ ከአምስት ወር ሐዘን በኋላ ሕፃኑን የሚያስቡት በቀን አንድ ጊዜ አይደለም፤ ልጅዎ በመጣች ቁጥር እሱን እያሰቡ የመሆንዎ ዕድል ሰፊ ነው፣ ሳያስቡት የመጣችበትን ጊዜ ደግሞ አያስታውሱትም። ሁለተኛው ምክንያት ግን ከአጋጣሚ ያለፈ ነው። ልጅ ከተወለደ ጀምሮ የእናቱን ፊት ሲያጠና የሚኖር ፍጥረት ነው። ኤድዋርድ ትሮኒክ የተባለ አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ተመራማሪ በ1970ዎቹ እናቶች ከጥቂት ወራት ሕፃኖቻቸው ፊት ተቀምጠው ለአጭር ጊዜ ፊታቸውን ያለ ምንም ስሜት እንዲያቆሙ አድርጎ ነበር፤ ሕፃናቱ ወዲያው ለውጡን አውቀው እናታቸውን በፈገግታና በእጅ ለመመለስ ሞከሩ፣ ሲያቅታቸው ፊታቸውን አዞሩ። በ2020 እ.ኤ.አ. በታተመ ሌላ ጥናት ደግሞ ከ7 እስከ 11 ዓመት የሆናቸው ልጆች ወላጆች ጭንቀታቸውን ከልጆቻቸው እንዲደብቁ ተነገራቸው፤ እናቶቹ ሲደብቁ የልጆቹ ሰውነት የጭንቀት ምልክት አሳየ፣ ጭውውታቸውም ቀዘቀዘ።

እርስዎ ያን ማታ ዕቃ ሲያጥቡ ምናልባት ውኃው እየፈሰሰ እጅዎ ቆሞ ነበር። ምናልባት ማዜምዎን አቋርጠው ነበር። ምናልባት ያ ዝምታ ባለፉት ወራት ስንት ጊዜ እንደመጣና ከእሱ በኋላ ዓይንዎ ቀልቶ እንደሚታይ ልጅዎ አስተውላለች። ሆድዎ እንደጎደለ አይታለች፤ የተገዛው የሕፃን ልብስ ከቁም ሣጥን እንደጠፋ አይታለች፤ አያቷ ስልክ ስታነሳ ድምፅዋን ዝቅ እንደምታደርግም ሳትሰማ አልቀረችም።

ጥያቄዋን ደግመው ይመልከቱት። «ሕፃኑ ይበርደዋል እንዴ?» ያለችው ሐሳብዎን ስላነበበች አይመስለኝም። «ሐኪሞች ጋር ይቆያል» ከተባለች አምስት ወር ሆኗታል፤ በሰባት ዓመት አእምሮዋ ወይ ሕፃኑ ማንም ሳይጠይቀው ሆስፒታል ውስጥ ብቻውን ተኝቷል፣ ወይ ሞቶ አፈር ውስጥ ነው። ሁለቱም ቦታ ይበርዳል። አብዛኞቹ ልጆች ከአምስት እስከ ሰባት ዓመት ባለው ዕድሜ የሞተ ሰው እንደማይመለስ ይረዳሉ፤ ስለዚህ ልጅዎ ነገሩን ጠርጥራ፣ እናትና አባቷ ስላልነገሯት መጠየቅ የማይፈቀድ መሆኑንም ተምራ፣ በጎን እየጠየቀችዎት ነው። በዚህ ዕድሜ ያለ ልጅ ሊያስብ የሚችለው ሌላም ነገር አለ፤ ሕፃኑ እንዳይመጣ አንድ ቀን በቅናት ተመኝታ ከነበረ፣ የጠፋው በእሷ ምኞት ሊመስላት ይችላል።

ስለዚህ ሐሳብዎን እንዴት እንደሚደብቁ አልነግርዎትም፤ የተሻለ ትወና ልጅዎን የባሰ ንቁ ያደርጋታል እንጂ አያረጋጋትም። እዚህ ላይ ሁለት ነገሮችን መለየት ይገባል፦ አንደኛው ሕፃኑ መሞቱ ነው፣ ሁለተኛው በእርስዎ ልብ ውስጥ የሚሆነው ነው። የመጀመሪያው የቤተሰቡ ጉዳይ ስለሆነ እህቱም ልታውቀው ይገባል፤ ሁለተኛው የራስዎ ነው። እርስዎ ሁለቱንም በአንድ በር ዘግተው ስለያዙ ልጅዎ በሩን ሁሉ ታንኳኳለች። መሞቱን ካወቀች በኋላ ግን እርስዎ ዝም ሲሉ «እማዬ አዝናለች» ብላ ልትተወው ትችላለች፤ በእኔ ግምት የሚፈልጉትን ገመና የሚሰጥዎት ይህ ነው።

ስለ አነጋገሩ ከባህላችን የምንወስደው አለ። መርዶ በንጋት፣ ሰው አጠገብ ሆኖ፣ ቀኑ ሙሉ ለለቅሶ ክፍት እያለ ይነገራል፤ ሐዘንተኛው ብቻውን ሌሊት እንዳይገጥመው ነው። ልጆችን ግን «ጎረቤት ውሰዷቸው» እያልን ከዚህ ጥበብ እናስወጣቸዋለን። እርስዎም ትምህርት ቤት በሌለበት ቀን ጠዋት፣ ባለቤትዎ ባለበት፣ የሚቻል ከሆነም እናትዎ ቤት ሆናችሁ ይንገሯት። ቃሉ አጭርና ግልጽ ይሁን፦ «ሕፃኑ ሆዴ ውስጥ እያለ ሞተ። ሐኪሞቹ ሊያድኑት አልቻሉም። ሐኪሞች ጋር ነው ያልንሽ እንዴት እንደምንነግርሽ ስላላወቅን ነው። አንቺ ባደረግሽው ወይም ባሰብሽው ነገር የመጣ አይደለም።» «ተኛ» ወይም «ሄደ» አይበሉ፤ መተኛትን ወይም ሰው ከቤት መውጣቱን እንድትፈራ ያደርጋታል። እግዚአብሔር ጋር ነው ማለት የእምነታችሁ ከሆነ መልካም ነው፣ «ሞተ» ከሚለው ቀጥሎ ይምጣ። ስለ ሕፃኑ ነፍስ ከጠየቀችና መልሱን ካላወቁ የነፍስ አባታችሁን አስቀድመው ያማክሩ። የት እንደተቀበረ መጠየቋ አይቀርም፤ ሆስፒታሉ ቀብሮት ከሆነ ያንኑ ይንገሯት፣ የማይበርደውም ሰውነቱ ሥራውን ስላቆመ መሆኑን ይጨምሩላት።

እሷ ፊት ማልቀስ ይፈቀዳል። እንባው ሲመጣ «ሕፃኑን አስታውሼ ነው፣ ትንሽ ቆይቶ ይሻለኛል» ይበሉና ቢሻልዎት እራቱን ይቀጥሉ። እጅዎን ስትይዝ አይከልክሏት፤ አጽናኝዎ እንዳትሆን ግን የሌሊቱን ሐዘን ለባለቤትዎ፣ ለእናትዎ ወይም ለባለሙያ ያካፍሉ። ባለቤትዎ ዝም ያሉት ስላልከበዳቸው አይመስለኝም። መመለስ የማይፈልጉትን ስትጠይቅ «እሱን ለራሴ ነው የያዝኩት» ማለት ይችላሉ፤ ስሙም ከዚህ ውስጥ ነው። ቢፈልጉ ይንገሯት፣ ባይፈልጉ የእርስዎ ብቻ ይሁን።

ስለ እርስዎ ጤና፣ የዓለም ጤና ድርጅት የበሽታዎች ምደባ ሐዘን ሕክምና እንደሚያሻው የሚቆጥረው ቢያንስ ከ6 ወር በኋላ፣ ከማኅበረሰቡ ልማድ ያለፈ ሆኖ፣ የዕለት ኑሮን ሲያውክ ነው። ከሁለት ሳምንት በላይ እንቅልፍና ምግብ ካጡ ወይም ምንም ነገር ካላስደሰተዎት ግን ስድስት ወሩን አይጠብቁ፤ ድብርት ሊሆን ስለሚችል በአቅራቢያዎ ያለ ጤና ጣቢያ ይመልከትዎ፤ ከወሊድ በኋላ ድካም የሚያስከትሉት የደም ማነስና የእንቅርት ዕጢ ችግርም በደም ምርመራ ይታያሉ። ልጅዎ ከነገሯት በኋላ ለጥቂት ቀናት አልጋ ብታረጥብ፣ ሆዴን አመመኝ ብትል ወይም ያንኑ ጥያቄ ብትደጋግም አይደንግጡ። ከአንድ ወር በላይ ከቀጠለ፣ ትምህርት ቤት አልሄድም ካለች ወይም እሷም መሞት እንደምትፈልግ ከተናገረች የሕፃናት ሐኪም ዘንድ ይዘዋት ይምጡ፤ ሲመጡም የነገሯትን ቃል እንዳለ ለሐኪሙ ይንገሩት፣ ያንኑ ቃል ተጠቅሞ እንዲያነጋግራት።