ከዱባይ ባሕር ሥር፦ ስለ ኮራልና ስለ ባሕር ሣር ጥያቄያችሁን አምጡ

ባሕር ተሞልቶ መሬት ሲሆን አጠገቡ ያለው ኮራልና የባሕር ሣር ምን እንደደረሰበት መከታተል እንጀራዬ ነው። በባሕረ ሰላጤው እየጠለቅኩ እቆጥራለሁ። ዱባይና አቡ ዳቢ ያላችሁ ብዙ ስለጠየቃችሁኝ እዚሁ ልመልስ።

ጥያቄ፦ ኮራል ድንጋይ ነው ተክል?

እንስሳ ነው። ድንጋይ የሚመስለው ትንንሾቹ እንስሳት የሠሩት ቤት ነው። ሥጋቸው ውስጥ አልጌ የሚባል፣ በዓይን የማይታይ ተክል መሰል ነገር ይኖራል፤ በፀሐይ ብርሃን ምግብ የሚያዘጋጅላቸው እሱ ነው። ውኃው ከደፈረሰ ጦማቸውን አደሩ።

ጥያቄ፦ ባሕር ተሞልቶ በተሠራው ደሴት፣ ፓልም ጁሜራ፣ ሆቴል ውስጥ ነው የምሠራው። በረሃው ሙሉ አሸዋ ሳለ ለምን ከባሕር አወጡ?

የበረሃውን አሸዋ ነፋስ እያንከባለለ ስላለሰለሰው እርስ በርሱ አይያያዝም። ስለዚህ ከ2001 እ.ኤ.አ. ጀምሮ 94 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ገደማ አሸዋ ከባሕር ወለል በመርከብ ተመጦ ተሞላ። ከሥሩ የነበረው ተቀበረ፣ አለቀለት። እኛ የምንከታተለው ከዚያ ሥራ የሚነሣውን ደለል ነው። ርቆ ሄዶ ኮራሉ ላይ ይተኛል። ኮራል በልጋጉ ጠራርጎ ያራግፈዋል፤ ግን ጉልበቱን ይጨርሳል። ቤትሽ በየቀኑ አቧራ ቢገባና መጥረጊያሽ የራስሽ ምራቅ ቢሆን አስቢው።

ጥያቄ፦ ታዲያ የምትከታተሉት እንዴት ነው?

ወለሉ ላይ ሜትር እንዘረጋለን። ጫፎቹ ላይ ብረት ስለተተከለ በየጊዜው የምንመለሰው እዚያው ቦታ ነው። በሜትሩ ዳር ካሬ ፍሬም እያስቀመጥን ፎቶ እናነሣለን። በኋላ ኮምፒውተሩ ፎቶው ላይ ነጥቦች ይበትናል፤ እያንዳንዱ ነጥብ ያረፈው ሕያው ኮራል ላይ ነው፣ የሞተ ላይ ነው፣ አሸዋ ላይ ነው እያልን እንቆጥራለን። ድፍርስነትና ብርሃን የሚለኩ መሣሪያዎችም እዚያው ይቀመጣሉ። ድፍርስነቱ ከተፈቀደው ካለፈ መርከቡ ሥራ ማቆም ወይም ቦታ መቀየር አለበት።

ዋናው ነገር ግን ሥራው ከመጀመሩ በፊት መቁጠር ነው። አንድ ጊዜ የተጠራሁት መሙላቱ ካለቀ በኋላ ነበር። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው። ቀድሞ ምን እንደነበረ የሚያሳይ አንድ ፎቶ እንኳ የለም፤ ምን ብዬ ልጻፍ?

ጥያቄ፦ ኮንትራክተሮቹ «የገደለው ሙቀቱ ነው» ይላሉ። ውሸት ነው?

ሁሌም ውሸት አይደለም። በ2017 እ.ኤ.አ. የሙቀት ወራት በደቡባዊው ባሕረ ሰላጤ አብዛኛው ኮራል ነጣ፣ ማለት ሥጋው ውስጥ ያለው አልጌ ጥሎት ወጣ፤ በአንድ ዓመት ውስጥ ከኮራሉ ሽፋን ሦስት አራተኛ የሚጠጋው ጠፋ። በነሐሴ ስትጠልቅ ሻወር የገባህ ነው የሚመስልህ። ለዚህ ነው ከግንባታው ርቆ የሚገኝ፣ ጥልቀቱና ዓይነቱ ተመሳሳይ የሆነ ማነጻጸሪያ ቦታም የምንቆጥረው። ሁለቱም እኩል ከሞቱ ሙቀቱን ጠርጥር። የቅርቡ ብቻ ከሞተና ደለል ከተኛበት፣ ሰበቡ አይሠራም።

ጥያቄ፦ የባሕር ሣር ግን ሣር ነው፤ ምን ያስጨንቃል?

አቡ ዳቢ ውኃ ውስጥ 3,000 ገደማ ዱጎንግ የሚባል አጥቢ የባሕር እንስሳ አለ፤ የዚያ ግዙፍ እንስሳ ቀለብ ይኸው ሣር ነው። ውኃው ላይ ከሚያርፈው ብርሃን ቢያንስ አንድ አሥረኛ ያህሉ ካልደረሰው ሣሩ ይሳሳል። ሳሳ አልሳሳ የምናየው ፍሬሙ ውስጥ ቀንበጥ በመቁጠር ነው። ወገብ ይቆርጣል!

ጥያቄ፦ ማዕበል መከላከያ ድንጋዮቹ ላይ ኮራል በቅሏል አሉ። ታዲያ ምን ጎደለ?

እውነት ነው፤ አንዳንዱ ግንብ ከተፈጥሮው ሪፍ (ኮራል ከሠራው የባሕር ወለል ክምር) የበለጠ ኮራል ይዟል። ግን እዚያ የሚበቅለው የቀድሞው ስብጥር አይደለም። በዚያ ላይ ድንጋይ ላይ ሣር አይበቅልም።

ጥያቄ፦ መዋኘት አልችልም፤ እንዲህ ያለ ሥራ አገኛለሁ?

ወንድሜ፣ ፎቶዎቹን የሚቆጥር ሰው ሁሌ ያጥረናል። እሱ ቢሮ ውስጥ፣ ኤሲ ሥር ነው።