ስለ ኢአይኤ (የአካባቢ ተፅዕኖ ግምገማ) እና ስለ ፋብሪካ ፍሳሽ፦ ለቀረቡ ጥያቄዎች መልስ

መልሶቹ የተመሠረቱት በአካባቢ ተፅዕኖ ግምገማ አዋጅ ቁጥር 299/1995 እና በአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 ላይ ነው። ክልሎች የየራሳቸው አሠራር ስላላቸው የክልላችሁን ቢሮ ሳትጠይቁ ለአማካሪ ቀብድ አትክፈሉ።

ጥ፦ የኢንቨስትመንት ፈቃድ አለኝ፣ መሬትም ተረክቤያለሁ። ኢአይኤውን ግንባታው እየሄደ ባሠራ ችግር አለው?

መ፦ አለው። ግምገማ የሚያስፈልገው ፕሮጀክት ያለ አካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤቱ ይሁንታ ትግበራ መጀመር አይችልም (አዋጅ 299 አንቀጽ 3)። ፈቃድ ሰጪው መሥሪያ ቤትም ፈቃዱን ከመስጠቱ በፊት ይሁንታው መኖሩን ማረጋገጥ ነበረበት። በተግባር ግን መጀመሪያ መሬት፣ ቀጥሎ አጥር፣ ባንክ ሲጠይቅ ደግሞ ሰነድ ይመጣል። ያኔ አማራጭ የሚባል ነገር የለም፤ ፍሳሽ ማጣሪያው ሊያርፍበት የሚገባው ዝቅተኛ ቦታ ላይ መጋዘን ቆሟል፣ ፍሳሹን ሽቅብ ለመግፋት ዕድሜ ልክ የፓምፕ መብራት ትከፍላላችሁ።

ጥ፦ ሂደቱ ምን ያህል ይፈጃል?

መ፦ ሪፖርቱ ከገባ በኋላ ውሳኔ በ15 የሥራ ቀናት መሰጠት አለበት። ጊዜ የሚበላው ከዚያ በፊት ያለው ነው፦ ልየታ (ሙሉ ጥናት፣ ከፊል ጥናት ወይስ ነፃ)፣ ቢጋር (ጥናቱ ምን ምን እንደሚሸፍን የሚወስነው ሰነድ)፣ የመነሻ መረጃ (ፕሮጀክቱ ሳይጀመር ያለው ሁኔታ)፣ የሕዝብ ምክክር። ቢጋሩ ሳይጸድቅ አማካሪው መስክ ከወጣ ሥራው ሁለት ጊዜ ይሠራል። የመነሻ መረጃ ላይ በብዛት የሚታየው ስህተት ወንዙን በነሐሴ ብቻ መለካት ነው። ክረምት ላይ ወንዙ ሞልቶ ብክለቱን ስለሚያቀጥነው ሁሉም ነገር ደህና ይመስላል። ወሳኙ ልኬት ፍሰቱ የሚያንስበት የበጋው ወር ነው።

ጥ፦ አማካሪዎች ከሌላ ፕሮጀክት ገልብጠው ያመጣሉ ይባላል። በምን እናውቃለን?

መ፦ አፋር ላይ ለሚሠራ ፕሮጀክት ኮሶና ጥድ ተዘርዝሮ ካገኛችሁ ንባቡን እዚያው አቁሙ። ከዚያ በተረፈ በቀጥታ ወደ አካባቢ አያያዝ ዕቅዱ ሰንጠረዥ ሂዱ። «ተገቢ ማጣሪያ ይተከላል» የሚል ዓረፍተ ነገር ማንንም አያስገድድም። በቀን ስንት ሜትር ኪዩብ ፍሳሽ፣ የትኛው መለኪያ ከስንት በታች፣ በየስንት ጊዜው፣ በማን፣ በስንት ብር የሚል ካለ ግን ነገ ተቆጣጣሪ ይዞት ሊመጣ ይችላል። ለእኔ የጠቅላላው ሰነድ ዋጋ ያለው እዚህች ሰንጠረዥ ላይ ነው።

ጥ፦ ቆዳ ፋብሪካ ነው የምሠራው። ማጣሪያ አለን፣ ጠቅላላ ክሮም ግን ከ2 ሚሊ ግራም በሊትር አልወርድ አለ። የት እንፈትሽ?

መ፦ መጀመሪያ ቧንቧዎቹ የት እንደሚገናኙ ተከተሉ። በተለመደው አሠራር ቆዳው ለማልፊያ ከገባው ክሮም (ቆዳ የሚለፋበት ብረት) ሲሶ ያህሉን ሳይወስድ ውሃው ውስጥ ይተወዋል። ይህ ውሃ ከሌላው ጋር ከተቀላቀለ በኋላ ክሮሙን መልቀም ከባድ ነው። ለብቻው ታንክ ስጡት፤ የቆዳ ቁርጥራጩንና ስቡን በወንፊት አውጡ፤ በማግኒዚየም ኦክሳይድ ፒኤቹን (የአሲድነት መለኪያውን) ወደ 8.5 አካባቢ አምጡ፤ ሳትነካኩ አሳድሩት። የረጋው በሰልፈሪክ አሲድ ሟሙቶ ወደ ማልፊያው ከበሮ ይመለሳል። ፒኤቹ ዝቅ ካለ ክሮሙ አይረጋም፣ እጅግ ከፍ ካለ ደግሞ ተመልሶ ይሟሟል፤ ኮስቲክ ሶዳ የሚጠቀሙ ሰዎች ሳያውቁት አልፈውት የሚሄዱት ለዚህ ነው። የዳግም ማልፊያውንም ውሃ እዚህ ታንክ ውስጥ አትጨምሩ፤ በውስጡ ያሉት ኦርጋኒክ ነገሮች ክሮሙን ይዘው አያስረጉትም።

ከሁሉ በላይ አሲዳማውን የክሮም ውሃ ከፀጉር ማራገፊያው የኖራና የሰልፋይድ ውሃ ጋር በፍጹም አታገናኙ። ሰልፋይድ አሲድ ሲነካው ሃይድሮጅን ሰልፋይድ ይሆናል፤ ጉድጓድ ሊጠርግ የወረደ ሠራተኛን በደቂቃ የሚገድል ጋዝ ነው። ሽታው ጠፋ ማለት ጋዙ ሄደ ማለት አይደለም፣ ሲበዛ አፍንጫን ያደነዝዛል። ሰልፋይዱን ፒኤቹ ከፍ እንዳለ ማንጋኒዝ ሰልፌት ጨምራችሁ አየር በመንፋት መጀመሪያ ጨርሱት። ክሮም ያለበትን ዝቃጭም ለገበሬ በማዳበሪያ ስም አትስጡ።

ጥ፦ ከሰፈራችን በላይ ያለ ፋብሪካ ሌሊት ሌሊት ወንዝ ውስጥ ይለቃል። ምን ይዘን የት እንሂድ?

መ፦ አዋጅ 300 አንቀጽ 11 ማንኛውም ሰው ጥቅሜ ተነካ ብሎ ማስረዳት ሳያስፈልገው አቤቱታ እንዲያቀርብ ይፈቅዳል። ስለዚህ «አንተ ምን አገባህ» መልስ አይሆንም። አቤቱታው ለክልሉ አካባቢ ጥበቃ ቢሮ ወይም ለፌዴራሉ ባለሥልጣን በጽሑፍ ይግባ፤ ገቢ የተደረገበትን ቁጥርና ማኅተም ያረፈበት ቅጂ በእጃችሁ ይቅር። ምክንያቱም ቀን የሚቆጠረው ከዚያ ነው፦ በ30 ቀን ውሳኔ ካልሰጡ ወይም ውሳኔው ካላረካችሁ፣ ውሳኔው ከተሰጠበት ወይም 30 ቀኑ ካለፈበት ጀምሮ በ60 ቀን ውስጥ ፍርድ ቤት መሄድ ይቻላል። ብዙ አቤቱታ የሚሞተው እዚህ ነው፤ «ነገ ተመለሱ» ሲባል ስልሳው ቀን ያልቃል።

ማስረጃን በተመለከተ፣ ቀን፣ ሰዓት፣ ቀለምና ሽታ ለተከታታይ ሳምንታት መዝግቡ። ተቆጣጣሪ ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ የመግባትና ናሙና የመውሰድ ሥልጣን ስላለው፣ በአቤቱታው ላይ የመልቀቂያውን ሰዓት ጠቅሳችሁ በዚያው ሰዓት ናሙና እንዲወሰድ ጠይቁ። ቀን አራት ሰዓት ላይ የተወሰደ ናሙና ፋብሪካውን ነፃ ከማውጣት በስተቀር ለማንም አይጠቅም። ከመውጫው በላይ፣ ከራሱ ከመውጫው እና ውሃው ከተቀላቀለ በኋላ ከታች፣ ሦስት ቦታ ይወሰድ። አንድ ጠርሙስ ለሁሉም አይሆንም፦ የክሮሙ ናይትሪክ አሲድ ይጨመርበታል፤ የቢኦዲው (ተሕዋስያን ብክለቱን ለማብላላት የሚፈጁት ኦክስጅን መለኪያ) ግን አሲድ ሳይነካው፣ አየር ሳይቀር ሞልቶ፣ በበረዶ ታሽጎ በ24 ሰዓት ውስጥ ላቦራቶሪ ይድረስ።

ተከሳሽ መምረጥም ቀላል አይደለም። በአቃቂ ወንዝ ብክለት ጉዳይ አንድ የሕግ ባለሙያዎች ድርጅት ፋብሪካዎቹን ትቶ ተቆጣጣሪውን ባለሥልጣን ከስሶ ክሱ ውድቅ ተደርጓል። በካዩን ክሰሱ።

ጥ፦ ቅጣቱ ያስፈራል?

መ፦ ገንዘቡ አያስፈራም። በአዋጅ 299 ያለ ይሁንታ መጀመር ወይም ሐሰተኛ ሰነድ ማቅረብ ከ50,000 እስከ 100,000 ብር፤ የይሁንታውን ግዴታ አለመፈጸም ከ10,000 እስከ 20,000 ብር። በ1995 የተጻፈ ብር ነው። የሚከብደው ፍርድ ቤት ከቅጣቱ ጋር ጉዳቱን መልሶ የማስተካከል ትእዛዝ መስጠት መቻሉ፣ ከዚያም የፈቃዱ መታገድ ነው። በ2010 የለገደንቢ ወርቅ ማዕድን ፈቃድ የታገደው ከነዋሪዎች ተቃውሞ በኋላ ነበር።

ጥ፦ ይሁንታ ካገኘን ለሚደርስ ጉዳት አንጠየቅም ማለት ነው?

መ፦ ትጠየቃላችሁ። ሪፖርት መጽደቁ ከተጠያቂነት ነፃ እንደማያደርግ አዋጁ በግልጽ ጽፏል። ማሽን ከጨመራችሁ ወይም ኬሚካል ከቀየራችሁም በአሮጌው ይሁንታ አትተማመኑ፤ ምርቱ ሳይጀመር ለቢሮው በጽሑፍ አሳውቁ።