ሱቁ አምሮ መሳቢያው ባዶ

ልጆቼ፣ እዚህ አዳማ የሱቅ ሒሳብ ስሠራ ነው ያረጀሁት። እናንተ ሱቅ ስትከፍቱ መጀመሪያ የምታስቡት መብራቱንና የመስታወት መደርደሪያውን ነው። አልፈርድባችሁም፣ ዓይን ይስባል።

በቅርቡ አንድ የሰፈሬ ልጅ ሱቁን አሳድሶ "ጋሼ፣ እስቲ ይዩልኝ" አለኝ። ካሜራው፣ ባርኮድ ማንበቢያው፣ ሁሉም አለ። ደንበኛም አለው። ግን ዘይት አልቋል፣ ሳሙና አልቋል፣ አከፋፋዩ በር ላይ ቆሞ ልጁ የሚከፍለው የለውም። ቀና ስል አንድ መደርደሪያ ሙሉ ሻምፖ አቧራ ለብሶ ተኝቷል። "እሱ እኮ ትርፉ 40 በመቶ ነው" አለኝ። ካርቶን ቀድጄ ጀርባው ላይ አሰላሁለት። 10,000 ብር ሻምፖ ላይ አስሮ በዓመት አንዴ ቢሸጠው 4,000 ያተርፋል። ያው 10,000 ሳሙና ላይ ቢውል፣ ትርፉ 8 በመቶ ብቻ ይሁን፣ በየሁለት ሳምንቱ እያለቀ ቢተካ በዓመት 26 ጊዜ ይዞርና 20,800 ያመጣል። ዝም አለ። የባርኮዱም ሥራ እኮ የሚሮጠውን ዕቃ ከሚተኛው መለየት ነው፤ እሱ ግን ዋጋ ለማየት ብቻ ነበር የሚጠቀምበት። ማሽኑ ከሌላችሁ ደብተር ይበቃል።

እኔም ጉድ ሆኛለሁ። ባለቤቴ ትንሽ ሱቅ ነበረቻት። ሐምሌ 2016 የብር ምንዛሪ በገበያ ይወሰን ተብሎ፣ ዶላር በባንክ ከ57 ብር ገደማ ተነስቶ በሳምንታት ውስጥ 100 ሲያልፍ፣ እኛ በድሮው ዋጋ ሸጥን። ዘይቱ በሦስት ቀን አለቀ፣ ደስ አለን። ጅምላ ቤት ስንሄድ በሰበሰብነው ብር የሸጥነውን ያህል ጀሪካን መግዛት አቃተን። የሒሳብ ሰው ነኝ ባይ! ዋጋ ስታወጡ ስንት እንደገዛችሁት ብቻ ሳይሆን በስንት እንደምትተኩት ጠይቁ።

በዚያው ዓመት ሚያዝያ ላይ ችርቻሮም ለውጭ ባለሀብት ተከፍቷል። ትልልቆቹ ከመጡ በዋጋ አትችሏቸውም። ግን ለጎረቤት ግማሽ ኪሎ ስኳር በዱቤ የሚሰጠው፣ የማን ደሞዝ መቼ እንደሚገባ የሚያውቀው የሰፈር ሱቅ ነው። ዱቤው ብቻ ይጻፍ፣ ልክም ይኑረው።

ቴሌብር ላይ ደግሞ የሱቁን ብር ከቤት ብር ጋር አትቀላቅሉ። ለሱቁ ለብቻው ሲም አውጡ፣ ለራሳችሁም ደሞዝ ቁረጡ።

ልጁ ሻምፖውን ወደ መግዣ ዋጋው አውርዶ እየሸጠ ነው። ሦስት ካርቶን ቀርቶታል። ባለፈው ለኔም ሊሸጥልኝ ሞከረ፤ ራሰ በራ መሆኔን እያየ።