ከቤት ለሚሠሩ ሠራተኞች ደንብ ሲያወጡ የቀድሞውን ውል አይንኩ

ጥያቄ፦ ኮምቦልቻ ውስጥ የአስመጪዎችን የጉምሩክ ሰነድ የሚያዘጋጅ ድርጅት አለኝ። አብዛኞቹ ሠራተኞቼ ግን የሚኖሩት ደሴ ነው። በየቀኑ በሁለቱ ከተሞች መካከል ያለውን የሐረጎን ዳገት ከሚመላለሱ ቤታቸው ሆነው ቢሠሩ ይሻላል ብዬ አዲስ ውል ላስፈርማቸው ነው። ደንቡ ላይ ምን ምን ይግባ?

መልስ፦ የጠየቁኝ ስለ ደንቡ ነው፤ እኔን ያሳሰበኝ ግን «አዲስ ውል ላስፈርማቸው ነው» ያሉት ነው። የቀድሞው ውል ምን ሊሆን ነው? ስንት ዓመት አገለገሉ? የትራንስፖርት አበሉ ይቀጥላል ወይስ ይቋረጣል? እነሱስ ተስማምተዋል? አንዱንም አልነገሩኝም። እነዚህ ሳይመለሱ ደንብ መጻፍ የለብዎትም።

ደንቡ ራሱ ብዙም አያስቸግርም። ቤት መዋል በቀን 8፣ በሳምንት 48 የሚለውን የሥራ ሰዓት ጣሪያ አያነሳም። ማታ በቴሌግራም የሚልኩት ትእዛዝ የትርፍ ሰዓት ክፍያ ሊያስጠይቅዎት ስለሚችል፣ ማን እንደሚፈቅድ ይጻፉ። የላፕቶፑን፣ የኢንተርኔት ወጪውንና የደንበኞችን ሰነድ አጠባበቅ ይወስኑ። መብራት ሲጠፋ ደግሞ፣ ለመሥራት ዝግጁ ሆኖ በራሱ ጥፋት ባልሆነ ምክንያት የቆመ ሠራተኛ ደመወዙ እንደማይቀርበት የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንቀጽ 54ን ያንብቡ።

አሠሪዎች ደጋግመው የሚወድቁበት ጉድጓድ ሌላ ነው። ይኸው አዋጅ በአንቀጽ 46 ቤት ውስጥ ስለሚሠራ ሥራ የተለየ ውል ይደነግጋል። ይህ ውል ለተወሰነ ጊዜ ወይም ለተወሰነ ሥራ እንደተደረገ ስለሚቆጠር፣ ቋሚ ሠራተኛን በአንድ ፊርማ ወደዚያ ለማዛወር የሚሞክሩ አሉ። አንቀጹ የሚመለከተው ግን ያለ አሠሪው ቀጥተኛ ቁጥጥርና አመራር የሚሠራን ሰው ነው። የእርስዎ ሠራተኞች ጠዋት በሰዓቱ ኮምፒውተር ላይ ተቀምጠው፣ በአለቃ እየታዘዙ፣ ማታ ሪፖርት የሚልኩ ከሆነ የተለወጠው ቦታቸው ብቻ ነው። የውሉ ርእስ ምንም ቢል ችሎት የሚመዝነው አሠራሩን ነው። በዓመቱ «ውሉ አልቋል» ብለው ቢያሰናብቱ፣ ከሕግ ውጭ ተሰናበትኩ የሚል ክስ ይጠብቅዎታል፤ አገልግሎቱም ከመጀመሪያው የቅጥር ቀን ጀምሮ ይቆጠር ይባላል። «ፈርሞልኛል እኮ» ማለት አያድንዎትም፤ እንጀራው እንዳይቋረጥበት የፈራ ሰው የሰጡትን ሁሉ ይፈርማል፣ ሕጉ ያስቀመጠውን ዝቅተኛ መብት ግን በፊርማ አያጣም።

ስለዚህ የቀድሞው ውል ባለበት ይቆይ። ከእያንዳንዱ ሠራተኛ ጋር አጭር ተጨማሪ ስምምነት በጽሑፍ ያድርጉ፦ የሥራ ቦታው ብቻ እንደተለወጠ፣ አገልግሎቱ እንደማይቋረጥ፣ አበሉ ምን እንደሚሆን፣ ወደ ቢሮ መመለስ ቢያስፈልግ ስንት ቀን ቀደም ብሎ እንደሚነገር። የአዋጁ አንቀጽ 15 በሥራ ደንብም የውል ሁኔታ ማሻሻል እንደሚቻል ይናገራል፤ እርስዎ ግን በዚያ ብቻ አይመኩ። እምቢ ብሎ ቢሮ የሚመጣውን እንደ ቀሪ አይመዝግቡት። ከሠራተኛ ማኅበር ጋር የተፈረመ የኅብረት ስምምነት ካላችሁ አስቀድመው እሱን ያንብቡ።

ይህ ጠቅላላ ምክር ነው። የቅጥር ውሎቹን፣ የደመወዝ መክፈያ ሊስቱንና ያረቀቁትን ደንብ ይዘው፣ ማንንም ከማስፈረምዎ በፊት ደሴም ሆነ ኮምቦልቻ ካለ ጠበቃ ጋር ይቀመጡ። ያስፈረሙት ሰው ካለም ወረቀቱን ሳይቀድዱ እንዳለ ለጠበቃው ይውሰዱለት፤ ክርክር ሳይነሳ ማስተካከል ይቻላል።