ዓርብ የሚገባው ብርድና ረቡዕ የሚመጣው ሙቀት፦ የዴንቨር ጥያቄና መልስ

ትንበያውን ሳታዩት አልቀራችሁም። ዓርብ ማታ ከካናዳ የሚወርድ ብርድ እዚህ ኮሎራዶ ዴንቨርንና ጎረቤቷን አውሮራን ይመታል። ቅዳሜና እሁድ ሌሊት ከዜሮ ፋራናይት በታች እንገባለን። ረቡዕ ደግሞ ወደ 50 እንመለሳለን ይላል። ጥያቄ ስለበዛ እዚሁ ሰብሰብ አድርጌ ልመልስ። ቁጥሩን በፋራናይት ነው የምጽፈው፤ መኪናችንም ስልካችንም የሚያወራው በሱ ነው።

ጥያቄ፦ እውነት እንዲህ በአንዴ ይወርዳል ወይስ ዜናዎቹ እያካበዱ ነው?

ማካበድ ይወዳሉ፣ አልክድም። ዴንቨር ላይ ግን የሆነ ነገር ነው። እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 21 ቀን 2022 ኤርፖርቱ አካባቢ ከ42 ወደ 5 ፋራናይት ለመውረድ አንድ ሰዓት ብቻ ነው የፈጀበት። ያን ቀን 51 ደርሶ ነበር። በማግስቱ ጠዋት ከዜሮ በታች 24 ሆነ፤ በሴልሺየስ ከዜሮ በታች 31 ማለት ነው። ከተማዋ ከ1990 ወዲህ እንዲህ ያለ ብርድ አላየችም ነበር። ቀን ላይ በሹራብ ወጥቶ ማታ መኪናው ጋ መድረስ ያቃተው ሰው ብዙ ነው። የዚህ ሳምንቱ ያን ያህል አይከፋም፤ አካሄዱ ግን ያው ነው።

ጥያቄ፦ ይሄ ሁሉ ብርድ ከየት ነው የሚመጣው?

በክረምት ሰሜን ካናዳ ፀሐይ ብቅ ብላ ወዲያው ትጠልቃለች፤ ጭራሽ የማትወጣበትም ቦታ አለ። በበረዶ የተሸፈነው መሬት ያለውን ሙቀት ሌት ተቀን ወደ ጠራው ሰማይ ይለቃል። ከላዩ ያለው አየር እየቀዘቀዘ፣ እየከበደ ይተኛል። ከፍ ብሎ የሚነፍሰው ኃይለኛ ንፋስ ወደ ደቡብ ሲታጠፍ ያ የተከማቸ ብርድ ይለቀቃል። ከካናዳ እስከ ቴክሳስ ደግሞ መንገዱን የሚዘጋ ተራራ የለም። ሜዳ ለሜዳ ይንደረደራል።

እኛ ጋ ሲደርስ በስተምዕራብ የሮኪ ተራሮች ይገጥሙታል። ስለዚህ ከሰሜንና ከሰሜን ምሥራቅ ገብቶ፣ እንደ ጎርፍ ዝቅ ዝቅ ያለውን እየመረጠ ይሞላል። ወደ ላይ ብዙም ውፍረት የለውም። ዴንቨር ከዜሮ በታች ሆና ከላይ ያሉት የተራራ ከተሞች ከሷ ሲሞቁ የምታዩት ለዚህ ነው። ደጋ ብርድ፣ ቆላ ሙቅ ሲባል ላደግን ሰዎች ግራ ያጋባል፤ ለሁለት ቀን ነገሩ ይገለበጣል።

ጥያቄ፦ ፖላር ቮርቴክስ የሚሉት ይሄንኑ ነው?

አይደለም። እሱ ከዋልታው በላይ፣ አውሮፕላን ከሚበርበት እጅግ ከፍ ብሎ፣ ክረምቱን ሙሉ የሚዞር ንፋስ ነው። ሲዳከም ወይም ሲለጠጥ ብርዱ ወደኛ የመውረድ ዕድሉ ይጨምራል። ብርድ በመጣ ቁጥር ስሙን መጥራት ግን የቴሌቪዥን ልማድ ነው።

ጥያቄ፦ ረቡዕ 50 ይሆናል ማለታቸውን ልመን? ሥራዬ ውጪ ነው፣ ፕሮግራም ላወጣ ነው።

እኔ ብሆን ሐሙስ ብዬ እይዘዋለሁ። ምክንያቱን ትንሽ ሰፋ ላድርገው፤ ትንበያው ብዙ ጊዜ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው።

የሚያሞቀን ቺኑክ የሚባለው የምዕራብ ንፋስ ነው። አየሩ ተራራውን ሲወጣ እርጥበቱን በዝናብና በበረዶ እዚያው ያራግፋል። ከዚያ ደርቆ ወደኛ ይወርዳል። ሲወርድ ስለሚታመቅ በየ1,000 ሜትሩ ሙቀቱ በ10 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ይጨምራል። ጉልበቱ ቀላል አይደለም። ደቡብ ዳኮታ ውስጥ ስፒርፊሽ በምትባል ከተማ ጃንዋሪ 22 ቀን 1943 በሁለት ደቂቃ ከዜሮ በታች 4 ተነስቶ 45 ፋራናይት ገብቷል።

ችግሩ ታች የተኛው ብርድ ከባድ ነው። የሞቀው ንፋስ ገፍቶ ማስወጣት ሲያቅተው በላዩ አልፎት ይሄዳል። የኮምፒውተር ትንበያዎች ደግሞ ይህን ስስ የብርድ ንጣፍ ቶሎ ጠርጎ የማስወጣት ችኮላ አለባቸው። ቀድማ የምትሞቀው ተራራው ሥር ያለችው ቦልደር ናት። ብራይተንና ግሪሊ፣ በአጠቃላይ የፕላት ወንዝን ተከትሎ ዝቅ ያለው ቦታ፣ መጨረሻ ላይ ነው የሚላቀቀው። አንዱ ሰፈር በቲሸርት፣ ሌላው በካፖርት የሚውልበት ቀን ይኖራል። ብርዱ የሚገባበትን ሰዓት ግን እመኑ፤ እሱ ላይ ትንበያው ጎበዝ ነው።

ጥያቄ፦ ኤርፖርት ነው የምሠራው፣ ኡበር። መኪናዬን ምን ላድርግ?

ወንድሜ፣ ባትሪህ ከሦስት ዓመት በላይ ከሆነው ዛሬውኑ አስመርምረው። ብዙ የመለዋወጫ ሱቆች በነፃ ያዩልሃል። ዜሮ ፋራናይት ላይ ባትሪ ከግማሽ በላይ ጉልበቱን ያጣል። የጎማ ንፋስ በየ10 ዲግሪው 1 ፒኤስአይ (የጎማ ንፋስ መለኪያው) ገደማ ይቀንሳል። ከ50 ወደ ዜሮ በታች 10 ስንወርድ 6 ሄደ ማለት ነው። ቅዳሜ ከሞላኸው፣ ረቡዕ ሲሞቅ እንደገና ለካ። ቤንዚን ከግማሽ አይውረድ። የመስታወት ማጠቢያውን ደግሞ የክረምቱን ግዛ፤ የበጋው መንገድ ላይ መስታወትህ ላይ ይረጋል። ኤርፖርቱ ሜዳ ላይ ስለሆነ ከመሀል ከተማው ይበርዳል፣ ንፋሱም ይብሳል።

ጥያቄ፦ «ፊልስ ላይክ» የሚሉት ከዜሮ በታች 19 ይላል። ልጄ አውቶቡስ ትጠብቃለች።

እሱ ንፋሱ ሲጨመርበት ገላ የሚሰማው ብርድ ነው። ቴርሞሜትሩ ዜሮ እያለ በሰዓት 15 ማይል ሲነፍስ ከዜሮ በታች 19 ይሆናል። እዚያ ላይ ያልተሸፈነ ቆዳ በ30 ደቂቃ ውስጥ መቆርፈድና መጎዳት ሊጀምር ይችላል። አፍንጫ፣ ጆሮና ጣት ቀድመው ይያዛሉ። ቆዳው ነጣ ብሎ ከደነዘዘ አትሺው፤ ለብ ባለ ውሃ አሙቂውና ሐኪም ጋ ደውይ። ከጓንት ይልቅ አራቱን ጣት አንድ ላይ የሚይዘው ይሻላል። አውቶቡሱ ሲዘገይ መኪና ውስጥ ጠብቁ።

ጥያቄ፦ አፓርታማ ነው የምከራየው። ቧንቧ የኔ ጉዳይ ነው?

ጥገናው ያንቺ አይደለም። የሚበሰብሰው ዕቃ ግን ያንቺ ነው። ሂተሩን ቤት ባትኖሪም ከ55 አታውርጂ። በውጪው ግድግዳ በኩል ያለውን የዕቃ ማጠቢያ ቁምሳጥን በሩን ክፈቺው፣ ቧንቧውን ጠብ ጠብ አድርጊው። ሙቁንም ቀዝቃዛውንም።

ይህን ሁሉም ልብ ይበል። ቧንቧ የሚሰነጠቀው በብርዱ ነው፣ ቤት የሚጥለቀለቀው ግን ሲሞቅ ነው። በረዶው እንደ ውታፍ ይዞት ስለሚቆይ ምንም አይታይም። ረቡዕ ሲቀልጥ ውሃው ይለቀቃል፤ ያን ሰዓት ደግሞ ሁላችንም ሥራ ላይ ነን። ዋናው የውሃ መዝጊያ የት እንዳለ ዓርብ ሳይመሽ የአፓርታማውን ቢሮ ጠይቂ። ማክሰኞ ማታ አንዱ ቧንቧ ውሃ እንቢ ካለ፣ ይለቀቅ ይሆናል ብለሽ አትተኚ፤ ደውዪ።

ጥያቄ፦ መብራት ቢጠፋ በከሰል መሞቅ ይቻላል? መስኮት ከፈት አድርገን።

አይቻልም። መስኮት ከፍቶም አይቻልም። ከከሰሉ የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል መርዛማ ጋዝ ሽታ የለውም፣ እንቅልፍ እንቅልፍ እያለ ይወስዳል። በፌብሩዋሪ 2021 ቴክሳስ መብራት ሲጠፋ ቤት ውስጥ በከሰል፣ በጄኔሬተርና ጋራዥ ውስጥ ባስነሱት መኪና የሞቱ አሉ፤ የእኛም ሰዎች ነበሩበት። ለቡና የምታያይዙትንም ከሰል ለእነዚህ ቀናት ተዉት። ቡናው በስቶቭ ይፈላል። የጋዝ ስቶቭ ግን ቤት ማሞቂያ አይደለም። የካርቦን ሞኖክሳይድ ጠቋሚው ማንቂያ ባትሪ እንዳለው እዩ።

ጥያቄ፦ ከአዲስ አበባ ነው። ልጄ አውሮራ ናት። በዚህ ብርድ ሰው እንዴት ይኖራል?

እናቴ፣ አይጨነቁ። ቤቱም መኪናውም ሥራውም ሞቃት ነው። ብርዱ የሚያገኛት ከበር እስከ መኪና ባለው መንገድ ነው። ስልኳ ቢዘጋም አይደንግጡ፤ ብርድ ላይ ባትሪ ቶሎ ያልቃል።

ጥያቄ፦ ዓለም እየሞቀች ነው ሲሉን አልነበር?

እየሞቀች ነው። አርክቲክ ደግሞ ከተቀረው ዓለም በብዙ እጥፍ ፈጥኖ ይሞቃል። የሦስት ቀን ብርድ ያንን አይሽረውም፤ በአሜሪካ የብርድ ክብረ ወሰን ከሙቀት ክብረ ወሰን እያነሰ መጥቷል። የአርክቲክ መሞቅ ራሱ ብርዱን ወደ ደቡብ እየገፋው ነው ወይ የሚለው ላይ ግን ሳይንቲስቶቹ ገና አልተስማሙም።

ጥያቄ፦ ሲሞቅ መንገዱ ቶሎ ይደርቃል?

ፀሐይ ያገኘው ይደርቃል። የሕንፃ ጥላ ያለበት፣ በተለይ በሰሜን በኩል ያለው የእግር መንገድ፣ ለሳምንት በረዶ ሆኖ ይከርማል። ቀን የቀለጠው ውሃ ማታ ተመልሶ ይረጋል። እርጥብ አስፋልት የሚመስለው ጥቁር በረዶ እሱ ነው። ብዙ ሰው ወድቆ እጁን የሚሰብረው ብርዱ አለፈ ብሎ ቦት ጫማውን ባወለቀ ማግስት ነው።

ጥያቄ፦ ሐሙስ መኪናዬን ላሳጥብ?

አሳጥብ። መንገዱ ላይ የሚረጩት ማግኒዚየም ክሎራይድ ብረት ይበላል። ግን ቀን ላይ፣ ከ40 በላይ ሲሆን አድርገው። የበሩን ጎማ በጨርቅ አድርቅ፤ ካልሆነ ዓርብ ጠዋት በሩ አይከፈትልህም።