«ጁሪ ዱቲ መጣብኝ» ለምትሉኝ

ከቅዳሴ በኋላ ሻይ ይዘን ስንቀመጥ አንዱ ከጃኬቱ ኪስ የታጠፈ ፖስታ ያወጣና «ጋሼ፣ ጁሪ ዱቲ መጣብኝ፤ እንዴት ነው የማመልጠው?» ይለኛል። ጁሪ ዱቲ ማለት አሜሪካ ውስጥ ተራው ዜጋ በደብዳቤ ፍርድ ቤት ተጠርቶ ከሌሎች ጋር ችሎት ተቀምጦ የሚፈርድበት ግዴታ ነው። «መጣብኝ» ነው የምንለው፣ ልክ እንደ ጉንፋን። አልፈርድባቸውም፤ የዛሬ ሃያ ዓመት ገደማ እኔም ያው ነበርኩ። አንድ ወዳጄ «እንግሊዝኛ አይገባኝም በላቸው፣ ወዲያው ይለቁሃል» አለኝ። አልኩ፣ ለቀቁኝ። ስወጣ ተከሳሹን አየሁት፤ ሸሚዙ የሰፋው፣ የእኔን ትልቁን ልጅ የሚያህል ጥቁር ወጣት። ሊፈርዱበት ከቀሩት መካከል እሱን የሚመስል ስፈልግ አንድ ሴትዮ ብቻ አየሁ። እንግሊዝኛ አይገባኝም ያልኩት ሰውዬ ዘጠኝ ዓመት እንግሊዝኛ እያወራሁ ስሠራ የኖርኩ ነኝ።

አሜሪካ ላላችሁ ነው የምጽፈው። በቅድሚያ ግሪን ካርድ የያዛችሁ ስሙኝ። በብዙ ስቴት ስም የሚወጣው ከመራጮች መዝገብ ብቻ ሳይሆን ከመንጃ ፈቃድ ዝርዝርም ስለሆነ ደብዳቤው ለእናንተም ይደርሳል። አትጣሉት፣ ችላም አትበሉት። ሲቲዝን አይደለሁም የሚለው ላይ ምልክት አድርጋችሁ መልሱት። በምንም ምክንያት ሲቲዝን ነኝ ብላችሁ አትፈርሙ፤ ይህች ፊርማ በኋላ ኢሚግሬሽን ፊት ታስጠይቃለች። ሲቲዝን ሆኖ ለማምለጥ ሲል «አይደለሁም» የሚልም አጋጥሞኛል። እሱም የሚፈርመው ቃለ መሐላ ላይ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። ዳኛውና ጠበቆቹ የተጠሩትን ይጠይቃሉ። ማዳላቱ በግልጽ የታወቀበት ሰው በምክንያት ይሰናበታል። ከዚያ በተጨማሪ ዐቃቤ ሕጉም የተከሳሹ ጠበቃም የተወሰኑ ሰዎችን ምክንያት ሳይሰጡ ማሰናበት ይችላሉ። ዘር ሾልኮ የሚገባው በዚህች ቀዳዳ ነው። ኬንታኪ፣ ሉዊቪል ውስጥ ጄምስ ባትሰን የሚባል ጥቁር ሰው ሲከሰስ ዐቃቤ ሕጉ ከቀረቡት መካከል አራቱንም ጥቁሮች አሰናበተና ነጮች ብቻ ፈረዱበት። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1986 (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምቆጥረው) በቆዳ ቀለም ማሰናበት ክልክል ነው አለ። ተቃውሞ ከተነሳ ያሰናበተው ወገን ከዘር ውጪ የሆነ ምክንያት ማቅረብ አለበት።

ምክንያት ግን መቼ ይጠፋል? በ1995 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ፊት በደረሰ አንድ ጉዳይ የቀረበው ምክንያት የሰውየው ረጅም ጸጉርና ጺም ነበር፤ በቂ ነው ተባለ። ከሁሉ የሚያስደነግጠኝ የሚሲሲፒው ነው። ከርቲስ ፍላወርስ ዊኖና በምትባል ትንሽ ከተማ በ1996 በተፈጸመ ግድያ ተከስሶ ስድስት ጊዜ ችሎት ቆመ። በስድስቱ ችሎት ዐቃቤ ሕጉ ማሰናበት ይችል ከነበረው 42 ጥቁር 41ዱን አሰናበተ። በመጨረሻው ችሎት የተሰናበቱትን አምስት ጥቁሮች 145 ጥያቄ ጠየቃቸው፤ የተቀመጡትን 11 ነጮች በድምሩ 12 ጥያቄ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ፍርዱን የሻረው በ2019 ነው፤ ክሱ በዓመቱ ቀረ። ሰውየው ሃያ ዓመት አልፎት እስር ቤት ኖሯል።

ስለዚህ ወንበሩ ላይ ስትደርሱ ዐቃቤ ሕጉ ያሰናብታችሁ ይሆናል፤ እሺ፣ ያሰናብታችሁ። ራሳችሁን ግን ቀድማችሁ አታሰናብቱለት። «በፖሊስ ተቸግረህ ታውቃለህ?» ሲሏችሁ በይሉኝታ «ኧረ ምንም!» ማለት እንወዳለን። መንገድ ላይ አለአግባብ አስቁመዋችሁ ከሆነ የሆነውን ተናገሩ፣ ቀጥሎም በማስረጃው ብቻ መፍረድ ትችሉ እንደሆነ እውነቱን ተናገሩ። ሲያትል ያላችሁ ደግሞ ይህን እወቁ፦ የዋሽንግተን ስቴት በ2018 ባወጣው ደንብ ፖሊስን አላምንም ማለት፣ ወይም አፍ የፈታችሁበት ቋንቋ እንግሊዝኛ አለመሆኑ፣ ለማሰናበት ተቀባይነት እንደሌለው ምክንያት ይቆጠራል። አሪዞና ከ2022 ጀምሮ ያለ ምክንያት ማሰናበትን ጭራሹን ሰርዛዋለች። በብዙው ሌላ ስቴት ግን ነገሩ እንደ ዳኛው ነው።

«መጽሐፉ አትፍረዱ ይላል» የሚሉኝ እናቶች አሉ። ከልባቸው ከሆነ ለዳኛው ይንገሩ፣ ይሰማቸዋል። ግን እኮ እኛ አገር «በሕግ አምላክ!» ሲባል መንገደኛው ሁሉ ቆሞ ነገር ይሰማ ነበር፤ እነዚያ ጾመኞች አልነበሩም?

አማርኛ ተናጋሪ ምስክር በአስተርጓሚ የሚሰማበት ጉዳይ ቢደርሳችሁ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ስፓኒሽ የሚችሉ ሰዎች አስተርጓሚውን አይቀበሉም ተብለው ተሰናብተው ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1991 አጽድቆታል። አማርኛ እችላለሁ በሉ፣ የአስተርጓሚውን ቃል እቀበላለሁ በሉ። ትርጉሙ ሲሳሳት ከሰማችሁ ለጎረቤታችሁ አታንሾካሹኩ፤ ወረቀት ላይ ጽፋችሁ ለዳኛው አድርሱ።

የገንዘቡ ነገር እውነት ነው፣ አልክድም። የፌዴራሉ ፍርድ ቤት በቀን 50 ዶላር ነው የሚከፍለው፤ ስቴቶቹ ብዙውን ጊዜ ከዚያም ያነሰ። ቋሚ ተቀጣሪን ለፌዴራል ጁሪ ሄደ ብሎ ማባረር በሕግ ክልክል ነው፤ ኡበር ለሚነዳ ወይም ሱቅ ለከፈተ ግን የቀረው ቀን ቀረ ነው። ያኔ ቀን ይቀየርልኝ ብሎ መጠየቅ ይቻላል። ለሁለተኛ ጊዜ ሲጠሩኝ ደብዳቤው የሰሙነ ሕማማት ሰኞ ላይ ወድቆ ነበር፤ በደንበኛ እንግሊዝኛ ጻፍኩላቸው፣ ከዳግማይ ትንሣኤ በኋላ ላለው ሳምንት አዛወሩልኝ።